ከ«አብሽሪ» ቀጥሎ የሚጠየቀው

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከአፋር ቆላ ግመል እየነዱ የሚመጡት፣ ከወሎ ደጋ እህል ጭነው የሚወርዱት፣ የአካባቢው ኦሮሞዎችም አንድ ላይ ተቀላቅለው ሲገበያዩ ይውላሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጥግ የያዘ ሰው አይጠፋም። ደዋዩ ብዙ ጊዜ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው፤ ከባቲና ከከሚሴ ዙሪያ ወደ ሳዑዲ የተሻገረው ወጣት ቀላል አይደለምና።

እስቲ አንድ ጥሪ እናስብ። እህት ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። የሃያ ዓመት ታናሽ ወንድሟ አንገቱ ላይ ያበጠው ነገር አልሄድ ብሎት ደሴ ድረስ ሄዶ ተመርምሯል። በኢሞ ስታየው ከስቷል። «እትየ፣ አብሽሪ፣ ትንሽ ንፍፊት ነች» ይላታል። እናት ከጎን ሆነው «አንቺ ብቻ ዱዓ አርጊለት፣ ሌላ ምንም የለውም» ይላሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ የአክስት ልጅ ያመልጠዋል፦ «ካንሰር ነው አሉ። ሊምፎማ።»

ሰዎቹ ምናባዊ ናቸው፤ ንግግሩን ግን የማያውቀው ወሎዬ የለም።

ወንድሟ «ንፍፊት» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግማሽ ነው እንጂ። እሾህ እግሩን የወጋው እረኛ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ሲያወጣ «ንፍፊት ያዘው» ይባላል። ያበጠው እጢ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በደረትና በሆድ ውስጥ በመቶዎች ከሚቆጠሩት የሊምፍ እጢዎች አንዱ ነው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ተሰባስበው ተህዋስያንን የሚገጥሙት እዚያ ነው። ቁስሉ ሲድን እብጠቱም ይመለሳል። ሊምፎማ የሚባለው ግን ከእነዚሁ ዘበኞች አንዱ ተበላሽቶ፣ የሚዋጋው ጠላት ሳይኖር ራሱን እያባዛ ሲቀጥል ነው። የለንደኑ ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን በ1832 የገለጸው ዓይነት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ የቀሩት በደርዘን የሚቆጠሩ ዓይነቶች «ሆጅኪን ያልሆኑ» በሚል ጥቅል ስም ይታወቃሉ። በ2020 በዓለም ላይ 83 ሺህ ያህል ሰዎች በመጀመሪያው፣ ከ544 ሺህ በላይ ደግሞ በሁለተኛው ተይዘዋል ተብሎ ተገምቷል። ሆጅኪን ወጣቶችን ይወዳል፤ ከ15 እስከ 35 ባለው ዕድሜ አንድ ጊዜ፣ ከ55 በኋላ ሌላ ጊዜ ይበረታል።

በኢትዮጵያ የአንገት እብጠት መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) ነው። ይህ የሐኪሞች ስንፍና አይደለም። በአገሪቱ ከሚመዘገበው ቲቢ ሲሶው ያህል ከሳንባ ውጭ የሚወጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈውም እጢ ላይ ነው። ችግሩ ሁለቱ በሽታዎች መመሳሰላቸው ነው፦ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ያተኩሳሉ፣ ሁለቱም ሌሊት ያልባሉ። ስለዚህ የሊምፎማ ታማሚ የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። ባቲ ላይ ደግሞ ሌላ አሳሳች ነገር አለ፤ እዚያ ሌሊት ያላበው ሰው የሚከሰው ሙቀቱን ነው። ሐኪም የሚጠይቀው ላብ ግን ሌላ ነው፤ አንሶላው እስኪጨመቅ የሚያርስ፣ መስኮት ቢከፈትም የማይቀር። በስድስት ወር ውስጥ ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛው ያለ ምክንያት ከቀነሰም እንደዚሁ ያሳስባል። ቁርጡን የሚናገረው ናሙና ነው፤ በመርፌ ተስቦ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ፣ ሙሉ እጢው ተቆርጦ ፓቶሎጂ ክፍል ይላካል።

የሊምፎማ ሳይንስ ራሱ ለርቀት ብዙ ዕዳ አለበት። ካምፓላ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1958 በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚያብጥ፣ ኋላ ሊምፎማ መሆኑ የታወቀ ካንሰር ገለጸ። የት የት እንደሚታይ ለማወቅ ለአፍሪካ ሆስፒታሎች የጥያቄ ወረቀት በፖስታ በተነ፤ በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና አሥር ሳምንት ያህል ተጉዞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። ከካምፓላ ወደ ለንደን ለተመራማሪው አንቶኒ ኤፕስታይን በአውሮፕላን ከላካቸው ናሙናዎች አንዱ፣ በ1963 መጨረሻ በጭጋግ ምክንያት ማንችስተር አርፎ ዘገየ። ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። የተበላሸ መስሏቸው ሊደፉት የነበረው ድፍርስ ውስጥ ሕያው ሴሎች ሲንሳፈፉ ተገኙ፤ ከእነርሱ ዘር በበቀለው ላይ ነው ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ በ1964 ለሰው ካንሰር መነሻ መሆኑ የታወቀውን የመጀመሪያ ቫይረስ ያዩት።

ወደ ጅዳዋ እህት እንመለስ። የሚያሳምማት ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ወሬው ተጣርቶ መድረሱም ነው። በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የሚያጽናና ሰው ተፈልጎ፣ ሰዓቱ ተመርጦ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ የውብዳር በየነ፣ አሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድታለች፦ ክፉ የሕመም ዜና ለታማሚው በቀጥታ ከመነገሩ በፊት ለቅርብ ቤተሰብ ይነገር፣ በምሽትም አይሁን። ልማዱ ደግነት አለው። ለሞት የተሠራ ልማድ ለሚታከም በሽታ ሲውል ግን ይጎዳል። ሕክምናው ተሟልቶ በሚገኝበት አገር ከአሥር የሆጅኪን ታማሚዎች ስምንት ያህሉ ይድናሉ፤ ይህንን ሳትሰማ «ካንሰር» የሚለውን ብቻ የሰማች እህት ግን ወንድሟን በሕይወት እያለ ማልቀስ ትጀምራለች። ባይሆን የምትለምነው አንድ ነገር አለ፦ የፓቶሎጂው ወረቀት ፎቶ። የበሽታው ዓይነት እዚያ አለ፤ ከአንድ እስከ አራት የሚቆጠረውን ደረጃ ደግሞ ሐኪሙ ከራጅና ከሲቲ ስካን ይወስናል። ሊምፎማ ላይ ደረጃ አራት እንኳን እንደ ሌሎች ካንሰሮች ተስፋ መቁረጫ አይደለም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚያስፈልጋት የቀን መቁጠሪያ ነው። በብዛት ከሚሰጡት የኬሞ ዓይነቶች አንዱ በየ21 ቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ለስድስት ዙር ይሰጣል። በየዙሩ መጀመሪያ ቀን በደም ሥር ከሚገቡት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ በማግስቱ ሽንት ቀላ ቢል ደም አይደለም። ይህን ያልተነገረው ቤተሰብ ስንት ሌሊት እንደሚደነግጥ መገመት አያቅትም። ለአምስት ቀን የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስበላል፣ ያስለፈልፋልም፤ በእነዚያ ቀናት በኢሞ የምታየው ወንድም የዳነ ይመስላል። በስድስተኛው ቀን ገደማ ኪኒኑ ሲቆም ይዝላል። ስልክ ባያነሳ ጠልቷት አይደለም። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ነጭ የደም ሴል እጅግ ዝቅ ይላል፤ አደገኛው ሳምንት ይህ ነው። ለሌላው ሰው ጉንፋን የሆነው ለእርሱ ሊገድል ይችላል። በዚያ ሳምንት ያልፈላ የግመል ወተት፣ በሽተኛ የሚጨናነቅበት ቤት፣ ሰኞ ገበያም ይቅር። ጸጉሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይረግፋል፤ ይመለሳል።

ገንዘብ መላክ አንድ ነገር ነው፤ ሐዋላው ግን ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ሌላ ነው። ኬሞ ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭም ይሰጣል። ጨረር ካስፈለገ ግን የረጅም ዘመን ብቸኛው ማዕከል ጥቁር አንበሳ ነበር፤ ጅማና ሐረማያ የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ከባቲ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስድስቱም የኬሞ ዙር እዚያ ከሆነ፣ የሚመላለሰው ሰው ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጅዳ ከባቲ በአየር መስመር 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከሁለቱ ብዙውን መንገድ የሚጓዘው ታማሚው ነው ማለት ነው። የሚላከው ገንዘብ ከበግ ይልቅ ለአልጋና ለትራንስፖርት፣ ከዚያም በፊት ለአንድ ትንሽ ትኩሳት መለኪያ ቢውል ይበጃል። እናት ለወዳጃ፣ ለዱዓው ስብስብ፣ ቡና ማፍላታቸውም አይቀርም፤ ዱዓውና ሕክምናው አብረው ይሄዳሉ።

ሩቅ መሆን ከጥቅም ውጭ መሆን እንዳልሆነ የተፈተነበትም ጥናት አለ። በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሳራ ዳግላስና ባልደረቦቿ፣ ከካንሰር ታማሚ ዘመዳቸው ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ የሚርቁ ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው በ2020 ውጤቱን አቀረቡ። በየወሩ በቪዲዮ ከባለሙያ ጋር የተነጋገሩትና ታማሚው ሐኪም ፊት ሲቀርብ በስክሪን የተገኙት ሰዎች፣ በአራት ወር ጊዜ ጭንቀታቸው ይበልጥ ቀነሰ። ለጅዳና ለባቲ ይህ ቀላል ነው፤ በመካከላቸው የሰዓት ልዩነት እንኳን የለም። ሐኪሙን አስፈቅዶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ማቆም ብቻ ነው።

ሳትናገረው የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ይቀራል፦ «እኔስ?» በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በወጣትነት ሆጅኪን የያዘው ሰው ተመሳሳይ መንትያ ካለው፣ መንትያው ከሌላው ሰው ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ስጋት እንዳለበት አሳይቷል። መንትያ ያልሆኑ ወንድምና እህት ስጋታቸው ከፍ የሚለው በጥቂት እጥፍ ነው፤ በሽታው ራሱ ብርቅ ስለሆነ ያ እጥፍም ትንሽ ቁጥር ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መቅኔ የመስጠት ነገር ከተነሳ፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ሊምፎማ ላይ ግን ንቅለ ተከላ የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም፤ ሲያስፈልግም አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከታማሚው ከራሱ ነው።

ስለዚህ በኢሞ የሚደውል ወንድም ወይም እህት «እንዴት ነህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ስንተኛ ቀንህ ነው? ትኩሳትህ ስንት ነው?» ብሎ ይጀምር። መልሱ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስልኩ ይዘጋና፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወንድምየው ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እዚያ እንደደረሰም መጀመሪያ የሚናገረው ኬሞ የወሰደበትን ቀን ይሁን።