ጥድፊያ ዓይን ሲጋርድ

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የማያውቅ ጥቂት ነው። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑና ሌዋዊው እያዩ ሲያልፉት፣ ቆሞ ቁስሉን ያሰረለት ከሌላ ወገን የሆነው መንገደኛ ነበር። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከዚህ ታሪክ ተነሥተው አንድ ነገር ጠየቁ፦ ለወደቀ ሰው የሚቆመውን ከማይቆመው የሚለየው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት የተሳተፉት በአሜሪካ፣ ፕሪንስተን ውስጥ ነገረ መለኮት የሚማሩ 40 ተማሪዎች ናቸው። ተማሪዎቹ በአቅራቢያው ወዳለ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የግማሾቹ ርዕስ ያው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። በሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያሳለና እያቃሰተ ይጠብቃቸዋል። የአጥኚዎቹ ተባባሪ መሆኑን ግን አያውቁም።

ልዩነቱን ያመጣው ሰዓት ነበር። በቂ ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው ተማሪዎች 63 በመቶው ሰውየውን ለመርዳት ሞከሩ። በመጠኑ ከተቻኮሉት 45 በመቶው፣ “ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ” ከተባሉት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ ረዱት። የንግግሩ ርዕስ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ ሲጣደፉ ሰውየውን ተራምደውት ያለፉ ነበሩ።

እነዚህ ወጣቶች ጨካኞች አልነበሩም። ሕይወታቸውን ለአገልግሎት ሊሰጡ የተዘጋጁ ነበሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻውን ግን አላስቆማቸውም። እኛም እናት፣ ልጅ፣ ጤና ከሁሉ እንደሚበልጡ እናውቃለን። ሆኖም ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እጃችን የሚዘረጋው ወደ ስልኩ ነው። የደም ግፊት ምርመራው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፤ እናትም “እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ልደውልልሽ” ትባላለች።

ለምን? ሜንግ ዡና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በሁለት ሥራዎች መካከል አስመረጡ። የሁለቱም ድካም እኩል ነው፤ አንዱ የተሻለ ያስገኛል፣ ሌላው ያነሰ ቢያስገኝም የማብቂያ ሰዓቱ ቅርብ ነው። ለሁለቱም በቂ ጊዜ እያለ እንኳ የማብቂያ ሰዓቱ ሲቀርብ ወደ አነሰው የሚያዘነብሉት በረከቱ። የሰዓቱ መቅረብ ትኩረታቸውን ስቦ ጥቅሙን አስረስቷቸው ነበር። ራሳቸውን ሥራ የበዛባቸው አድርገው የሚያዩት ደግሞ ይበልጥ ተሸነፉ።

መፍትሔውም በዚያው ጥናት ውስጥ አለ፦ በምርጫው ሰዓት እያንዳንዱ ሥራ የሚያስገኘውን እንዲያስቡ ሲደረግ ዝንባሌው ቀነሰ። እንግዲያው “የቱ ይቀድማል?” ከማለት በፊት “የቱ ምን ይሰጠኛል? የቱ ቢቀር ምን ያሳጣኛል?” ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ይህን ጥያቄ የምናነሣውም ጠዋት፣ የቀኑ ወከባ ሳይጀምር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለሌላ ጊዜ ያቆየነው፣ ያልተጨረሰ ጉዳይ ግን አእምሮን ይነዘንዛል። ተመራማሪዎቹ ማሲካምፖና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ያልፈጸሙት ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሌላ ነገር ሲያነቡ ሐሳባቸው እየሸሸ ያስቸግራቸዋል። ጉዳዩን እንዴት እንደሚፈጽሙት ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲያወጡ ግን ገና ሳይፈጽሙት አእምሯቸው ዕረፍት አገኘ።

ስለዚህ ለትልቁ ነገር ቀንና ሰዓት እንቁረጥለት። “በኋላ” ቀጠሮ አይደለም። “እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በ4 ሰዓት ለእማዬ እደውላለሁ” ግን ቀጠሮ ነው። ለአለቃችን ስብሰባ የምንሰጠውን ሰዓት የመጠበቅ ክብር ለእናታችንም እንስጣት፤ ያን ጊዜ ስልኩን የምናነሣው ተቻኩለን ሳይሆን ልንሰማት ተዘጋጅተን ይሆናል።