ጡት እያጠባሽ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትመለሺ

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ በክሊኒካችን ውስጥ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ የመጣ ነው፤ ይኸውም ትንሽ ልጅ ይዘው በከፍተኛ ትምህርት ላይ የሚገኙ እኅቶቻችን ጉዳይ ነው።

በጥር ወር፣ ተማሪዎች ለዕረፍት በሚመለሱበት ሰሞን፣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣችልኝ። ስሟን አንጠቅስም። ሐምሌ ላይ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ትምህርት ሲከፈት ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ሄደች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜና እሑድ እየመጣች ታጠባዋለች። ወደ እኛ ያመጣት ማቅለሽለሽ ነበር። «ጨጓራዬ ነው፣ የፈተና ጭንቀት ነው» አለችኝ። ምርመራው ግን እርግዝና መሆኑን አሳየ። «እያጠባሁ አይደለም እንዴ? የወር አበባዬም እኮ ገና አልመጣም!» ብላ ሳግ ተናነቃት። ልጇ ገና ስድስት ወሩ ነው።

እኅቴ፣ ይህቺ ልጅ የሰማችው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ነው የሰማችው። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ያልሞላው መሆን አለበት፤ የወር አበባ ያልተመለሰ መሆን አለበት፤ ሕፃኑም ቀንም ሌሊትም ከጡት በስተቀር ውሃም ሆነ አብሽ የማይቀምስ መሆን አለበት። ሦስቱ እስከተሟሉ ድረስ በእነዚያ ስድስት ወራት ከ100 እናቶች የሚያረግዙት ከ2 አይበልጡም። አንዱ ከጎደለ ግን ዋስትናው አብሮ ይሄዳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ጡት በጠባ ቁጥር ወደ እናቲቱ አንጎል መልእክት ይደርሳል፤ አንጎልም እንቁላል እንዲበስል የሚያዘውን ንጥረ ነገር ያዝ ያደርገዋል። መልእክቱ ሳይቋረጥ ቶሎ ቶሎ መድረስ አለበት። ቀን ከ4 ሰዓት፣ ሌሊት ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ ሳይጠባ የሚቆይ ከሆነ ሥራው እየላላ ይሄዳል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብታ እስከ ቀትር ክፍል የምትውል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት የምትቀመጥ ተማሪ ይህን ማሟላት ይቸግራታል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለምትመጣዋማ ጨርሶ አይሠራም። «የወር አበባዬ አልመጣም» የሚለውም አያስተማምንም፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ነውና ሳታይው ልታረግዢ ትችያለሽ።

እንግዲህ ወደ ትምህርት ከመመለስሽ በፊት፣ ገና በአራስ ቤት ሳለሽ፣ ሌላ መከላከያ መያዝ ይኖርብሻል። ለምታጠባ እናት የሚስማማውን ስንመርጥ እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «የምትማሪው የት ነው? ስንት ዓመትስ ቀርቶሻል?» መልሱ ምርጫውን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል።

የሦስት ወሩን መርፌ አገራችን ለምዶታል። ከወለድሽ ከስድስት ሳምንት ጀምሮ እያጠባሽ መውሰድ ትችያለሽ፤ ወተቱንም አይቀንስም። ለተማሪ ያለው ችግር ቀጠሮው ነው። አንድ ሴሚስተር አራት ወር ያህል ስለሚፈጅ መርፌው የሚያበቃው ትምህርቱ መሐል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፈተና ሲቃረብ ነው። «ሳልፍ እሄዳለሁ» ብለሽ ሳምንታቱ ያልፋሉ። ይህን ከመረጥሽ የቀጠሮ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በየትኛውም የመንግሥት ጤና ጣቢያ ካርዱን አሳይተሽ በነፃ መወጋት ትችያለሽ፤ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መወጋትም ምንም አይደለም። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ መቻሉ ነው። ከተመረቅሽ ማግሥት ሁለተኛ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ቀድመሽ አማክሪን።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠውን እኔ ለተማሪ እናት ከሁሉ አስቀድሜ እነግራለሁ። እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ይህም የአንድ ዲግሪ ዕድሜ ነው። ከወለድሽ በኋላ ወዲያውኑ ልትወስጂው ትችያለሽ፤ ሲወጣም ማርገዝ ብዙ አይዘገይም። ወደ ልብ ይሄዳል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ያስቀመጥንበት ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይገኛል። የሚያስቸግረው የወር አበባን ማዛባቱ ነው፤ ጥቂት ጥቂት ደም ሳይታሰብ ሊታይ፣ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ደንግጣ አስወጥታ እንደምትመጣ ስለማውቅ ደጋግሜ እናገረዋለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ንገሪን፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ኃይሉን ይቀንሱታል።

ሉፕም አለ። ከወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ያ ካለፈ ደግሞ ከአራት ሳምንት በኋላ ይቀመጣል፤ የመዳብ የሆነው ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ንጥረ ነገር ስለሌለው ከወተት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የተለመደው ቅልቅል እንክብል ግን ለምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር አይመከርም፤ ለአጥቢ እናት የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ስለዚህ የጓደኛሽን እንክብል ተካፍለሽ አትዋጪ። ከፋርማሲ የሚገዛው ድንገተኛ እንክብል ያለ መከላከያ ግንኙነት ሲደረግ ቶሎ፣ ቢቻል በሦስት ቀን ውስጥ የሚወሰድ መጠባበቂያ ነው፤ የዘወትር መከላከያ አይደለም። ከኮንዶም በስተቀር ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ኤች አይ ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከሉም።

በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የአገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 35 ደረሱ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 47። ሆኖም ብዙ ተማሪዎች «ባሌ ፈቃድ ይጠየቃል»፣ «ያላገባች አይሰጣትም» እያሉ ከደጃችን ይመለሳሉ። የባል ፈቃድ አንጠይቅም፤ ያገባሽ ያላገባሽ ብለንም አንለይም። የምትነግሪን ነገር ከክፍሉ አይወጣም። ያላሰብሽው እርግዝና ቢገጥምሽም ወደ ሥራ ሥርና ወደ ጓዳ ሐኪም ሳትሮጪ መጀመሪያ ወደ ጤና ድርጅት ነዪ።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ተቀጥራ የምትሠራ እናት በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ተማሪ ግን ሠራተኛ አይደለችምና ይህ አዋጅ አይመለከታትም። የእርሷ በር ዊዝድሮዋል የሚባለው ነው። ሬጅስትራር ሄደሽ፣ ፎርሙን ሞልተሽ፣ ክሊራንስሽን ጨርሰሽ ስትወጪ በኋላ የመመለስ መብትሽን ይዘሽ ትወጪያለሽ፤ የሕክምና ማስረጃ ቢጠየቅ እኛ እንጽፍልሻለን። ዝም ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ የመጣች ግን ፈተናዎቹ በዜሮ ሊያዙባት፣ ውጤቷ ወድቆ ልትባረር ትችላለች። እኔ ያየኋቸው ትምህርታቸውን ያጡ እናቶች አብዛኞቹ ትምህርቱ ከብዷቸው አልነበረም፤ አንድ ወረቀት ሳይሞሉ ቀርተው ነው። ሌላም ጠይቂ፤ አንዳንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣልና አንድ ሴሚስተር መውጣት አንድ ዓመት ሊያስቀር ይችላል። ይህን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያውቃል። ከተቻለ ቀደም ብለሽ፣ ሆድሽ ሳይገፋ ጠይቂው።

እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከልጅሽ ጋር ብታሳልፊ እመርጣለሁ። ይህ ግን ለሁሉም እንደማይሆን አውቃለሁ። የደብረ ብርሃንና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በ1999 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ ለይፋት ልጆች ከፍተኛ ትምህርት ቀርቧል፤ ደብረ ብርሃን ከኛ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ቢቀርብም ለምሳ ሰዓት ማጥባት አያደርስም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሕፃኑን ይዞ እዚያው ቤት መከራየት፣ ወይም ለአያት ትቶ መሄድ።

ይዘሽው ከሄድሽ ወተትሽን አልበሽ ማስቀመጥ ተማሪ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አፈ ሰፊ ብርጭቆ አፍልተሽ አዘጋጂ፣ ጡትሽን በእጅሽ እያለብሽ ሞልተሽ ክደኚው። ያለ ፍሪጅ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በኛ ቆላ ሙቀት ደግሞ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይጠጣ። በፍሪጅ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ለሕፃኑ በንጹሕ ሲኒና ማንኪያ ይሰጠው፤ ጡጦ አንገቱና አፉ በደንብ ስለማይታጠብ የተቅማጥ ቤት ነው። ክፍል ውስጥም በየሦስት ሰዓቱ ወጣ ብለሽ እለቢው፤ ካልታለበ ጡትሽ ያብጣል፣ ወተቱም እየደረቀ ይሄዳል። ጡትሽ ቀልቶ ትኩሳት ከያዘሽ ግን ማጥባትሽን ሳታቆሚ ቶሎ ታከሚ።

ልጁን ማን ይይዘዋል? እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የምትጠራው የተማሪዋ ታናሽ እኅት ናት፤ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ደብተሯን ጥላ ለሞግዚትነት ትሄዳለች። የአንዷ ዲግሪ የሌላዋ የሰባተኛ ክፍል ዋጋ ሆነ ማለት ነው። እባካችሁ ሌላ መፍትሔ ፈልጉ፤ ለምሳሌ ያህል ሁለት ሦስት ተማሪ እናቶች አንድ ቤት ተከራይተው አንዲት አዋቂ ሞግዚት ቢቀጥሩ ወጪው ይካፈላል፤ የክፍል ሰዓታቸው ከተለያየ ደግሞ ልጆቹን እየተቀያየሩ ሊይዙ ይችላሉ።

እማማ፣ ይህን የሚያነቡልዎ ከሆነ፣ የልጅ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር የሚቀር ከሆነ ጥቂት ነገር ልለምንዎ። ስድስት ወር ሳይሞላው አብሽም ቅቤም አይስጡት። ስድስት ወር ሲሞላው ግን ምግብ መጀመር አለበት፤ የማሽላና የማሾ ገንፎ፣ እንቁላል፣ የላመ አትክልት ከቀዬያችን አይጠፋም። ክትባቱን አያቋርጡ፤ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር ነው። ካርዱ ከልጁ ጋር ይሁን እንጂ በእናቲቱ ሻንጣ ደብረ ብርሃን አይሂድ።

ወባንም አትርሺ። በይፋት ቆላ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ ዩኒቨርሲቲ በሚከፈትበት ወራት ነው። ሕፃኑ በማንኛውም ሌሊት ያለ አጎበር አይተኛ። ከደጋ ይዘሽው ለእሑድ ጉብኝት ወርደሽ ከተመለስሽ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢይዘው፣ ደብረ ብርሃን ላለው ሐኪም «ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣነው» በዪው። ከተማዋ ብርድ ስለሆነች ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋንና የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ያቺ አንዲት ቃል ለወባ ደም እንዲመረመር ታደርጋለች። ጣርማበርን ወደ ላይ ስታልፊ ደግሞ ከሙቀት ድንገት ወደ ብርድ ነውና ኮፍያና ብርድ ልብሱ መኪናው ውስጥ በእጅሽ ይሁን።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በመቱ ከተማ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት በተገላገለች በ30 ደቂቃ ውስጥ በሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ብሔራዊ ፈተና መፈተኗን ብዙዎች ሰምታችኋል። ፈተናው ለረመዳን ሲባል ባይራዘም ኖሮ ከመውለዷ በፊት ትጨርስ ነበር። ዓለም አደነቃት፤ እኔም ጥንካሬዋን አደንቃለሁ። እንደ አዋላጅ ግን ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ሌላ ነበር። እናት ደም ፈሷት የምትሞተው ይበልጡን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። በዚያ ሰዓት መንቀሳቀስ ያለበት ፈተናው እንጂ አራሷ አይደለችም። አንቺም የወሊድ ቀንሽ ፈተና ላይ የሚወድቅ ከመሰለሽ፣ ቀኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅድመ ወሊድ ክትትልሽ ወስደሽ ለመምህራንሽ ከአንድ ወር በፊት ስጪ፤ ምትክ ፈተና መጠየቅ ልመና አይደለም።

ወንድሜ፣ አንተም ይህን ጽሑፍ ወረፋ እየጠበቅህ ታነበው ይሆናል። ሚስትህ ለፈተና ስታጠና ሌሊት የነቃውን ልጅ ማባበል፣ ሽንት ጨርቁን ማጠብ፣ ለክትባት ማምጣት የወንድ እጅ የሚያቅተው ሥራ አይደለም። ልጁን ለክትባት ይዘው የሚመጡ አባቶች ጥቂት ናቸው፤ ሲመጡ ግን ወረፋው ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ ቦታ ይለቁላቸዋል።

ስለዚያች ተማሪ የጠየቃችሁኝ ካላችሁ፣ በዚያው ሳምንት ሬጅስትራር ሄዳ ፎርሟን ሞልታለች፤ የቅድመ ወሊድ ክትትሏንም ጀምራለች። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ምን እንደምትይዝ ካሁኑ ተነጋግረናል። በአንድ ልጅ መወለድና በቀጣዩ እርግዝና መካከል ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊኖር እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህንንም ስነግራት «ታዲያ የምመረቅበትንም ዓመት ጨምረሽ ቁጠሪልኝ» አለችኝ። ተቀምጠን በጣታችን ቆጠርን። እናንተም ለምክር ስትመጡ የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ካሌንደር ይዛችሁ ኑ፤ ከክትባት ካርዱ ጎን ዘርግተን እናየዋለን።