የማራገቢያው መዝገብ

ከኮምፒዩተራችሁ ውስጥ የምትሰሙት ሽውታ የማራገቢያው ነው። ፍጥነቱን የሚያዘው «ድራይቨር» የተባለው ፕሮግራም ያየውን በመዝገብ ያሰፍራል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት መልእክቶች እንደ ክብደታቸው ከ0 እስከ 7 ይመደባሉ፤ 0 እጅግ አስጊው ሲሆን 7 ጥፋት ለሚፈልግ ባለሙያ ብቻ የሚረባ ነው።

መርማሪዎች ድራይቨሩን ሲመለከቱ፣ «ማራገቢያው ደኅና ነው» እያለ በየሰከንዱ የሚጽፈውን ቢያገኙ እንዲሰረዝ ያደርጋሉ። በየማለዳው «ሁሉ ሰላም ነው» እያለ ደብዳቤ የሚልክ ጸሐፊ ቢኖር ፖስታውን ማን ፈጥኖ ይከፍትለታል? ከዚህም በላይ የመዝገቡ ስፍራ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በሞላ ጊዜ አዲሱ ቃል አሮጌውን ይደመስሳል፤ «ማራገቢያው ቆሟል» የሚለው አንድ መሥመርም አብሮ ይጠፋል፤ መኪናው ግን መጋሉን አይተውም። የፍጥነቱን ቁጥር የሚሻ ሰው ለዚሁ ከተመደበው ፋይል በፈለገ ጊዜ ያነበዋል።