ሁለተኛው «ቶርችላይት» ከመጀመሪያው በምን ይበልጣል?

አንድ የተወደደ መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ «ክፍል ሁለቱስ መቼ ይወጣል?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በኮምፒውተር ጨዋታም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዳሩ ግን ክፍል ሁለት የሚባለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ግልባጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሥዕሉ ይደምቃል፥ ዋጋው ይወደዳል፥ ጨዋታው ግን ያው ነው። ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ምሳሌ ስለማውቅ፥ ለክፍል ጓደኞቼና ለመምህራኖቻችን፥ እንዲሁም «ይህ ልጅ ማታ ማታ ምን ላይ አፍጥጦ ነው የሚያመሸው?» ለሚሉ ወላጆች ነገሩን ላስረዳ ተነሥቻለሁ።

ምሳሌው «ቶርችላይት» የተባለው ጨዋታ ነው፤ ስሙም የችቦ ብርሃን እንደ ማለት ነው። የሠራው በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የነበረ ሩኒክ ጌምስ የተባለ ድርጅት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ክፍል በጥቅምት 2002 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በመስከረም 2005 ዓ.ም. ወጣ። (ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።) ከድርጅቱ መሥራቾች መካከል ማክስና ኤሪክ ሼፈር የተባሉት ወንድማማቾች አስቀድመው «ዲያብሎ» የተባለውን ስመ ጥር ጨዋታ ከሠሩት ሰዎች ውስጥ ስለ ነበሩ፥ ለሥራው እንግዳ አልነበሩም።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሥርዐቱ እንደሚከተለው ነው። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይመርጣል። ጀግናው ከጭራቆች ጋር በተዋጋ ቁጥር ልምድ ያከማቻል፤ ልምዱ ሲበቃ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ተጫዋቹ አዲስ ችሎታ ይመርጥለታል። ከወደቁት ጭራቆች ሰይፍ፥ የራስ ቁር፥ ገንዘብ ይገኛል። አዲስ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ኮምፒውተሩ የዋሻውን ክፍሎች በሌላ መልክ ስለሚያገጣጥማቸው፥ መንገዱን በቃል አጥንቶ መሄድ አይቻልም።

በመጀመሪያው ክፍል ያለችው አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ ናት። ከሥሯ ኤምበር የተባለ ምትሐታዊ ማዕድን የሚወጣበት ጉድጓድ አለ፤ ጨዋታው ከላይ እስከ ታች ይህንኑ ጉድጓድ መውረድ ነው። ደስ ይላል፤ ሆኖም ሲቆይ መታፈን ይመጣል። በሁለተኛው ግን ምድሩ ተከፈተ። በረዶማ ተራራ አለ፥ በረሃ አለ፥ ረግረግ አለ፤ ቀኑ ይመሻል፥ ዝናቡም ይዘንባል። በፎገራ ሜዳ አድጎ ዐይኑን እስከ ጣና ድረስ መስደድ ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታሪኩም ቢሆን ከመጀመሪያው ጋር በብልሃት ተያይዟል። በመጀመሪያው ክፍል ልንመርጣቸው ከምንችላቸው ሦስት ጀግኖች አንዱ አልኬሚስት ነበር። በሁለተኛው ያው አልኬሚስት በኤምበሩ መርዝ ተበክሎ የገዛ ከተማውን ያፈርሳል፤ እኛም እርሱን ለመያዝ እንከተለዋለን። ስንት ሌሊት ደክሞ ያሳደገውን ጀግና ባላጋራ ሆኖ ያገኘው ተጫዋች ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምት። ደግሞም በመጀመሪያው ክፍል ሴት የነበረችው ከሦስቱ አንዷ ብቻ ስትሆን፥ በሁለተኛው አራቱንም ዓይነት ጀግኖች ወንድም ሴትም አድርጎ መጫወት ይቻላል። እኅቶቻችን ይህን ልብ ይሏል።

አሁን ስለ እንስሶቹ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያው ክፍል ጀግናውን የሚከተል አንድ ውሻ ወይም አንድ ድመት አለ፤ ዕቃ ይሸከማል፥ ሲላክም ከተማ ሄዶ ሸጦ ይመለሳል። በሁለተኛው የእንስሳቱ ዓይነት ከመብዛቱ በላይ፥ የሚገዛውን ነገር ጽፎ መላክም ተቻለ። ቅዳሜ ገበያ እንደሚላክ ልጅ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ውሻው መልሱን አያጎድልም። (ከወንዝ ዓሣ አጥምዶ ቢያበሉት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ አውሬ ይለወጣል። የጣና ዓሣ እንዲህ ያለ ኀይል ቢኖረው ኖሮ ወረታ ውስጥ ውሻ ባልቀረ ነበር።)

ከሁሉ የሚበልጠው መሻሻል ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል መጫወት የሚቻለው ለብቻ ብቻ ነበር። ሁለተኛው እስከ 6 ሰዎች በአንድነት እንዲጫወቱ ፈቀደ፤ ይኸውም በኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሮቹን እርስ በርሳቸው በገመድ በማገናኘትም ጭምር ነው። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ላስረዳ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቆይ፥ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ካልተገናኙ የማይነሡ ጨዋታዎች ሁሉ ስማቸው ብቻ ቀረ። የ«ዲያብሎ» ሦስተኛ ክፍል በግንቦት 2004 ዓ.ም. ሲወጣ ከዚህ ዓይነቱ ነበር፤ ሰው ብቻውን ሊጫወት ቢፈልግ እንኳ ኢንተርኔት ግድ ሆነበት፤ በመጀመሪያው ቀን የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ስለ ተጨናነቁ 60 ዶላር የከፈለው ገዢ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣው ሁለተኛው «ቶርችላይት» ዋጋው 20 ዶላር ነበር፤ ገመዱም ይበቃው ነበር።

በአንድነት ሲጫወቱ ጠብ የሚነሣው በምርኮ ነው። በቀድሞው «ዲያብሎ» ሁለተኛ ክፍል ጭራቁን የገደለው ማንም ይሁን፥ ሰይፉን የሚወስደው እጁ የፈጠነ ነበር። በ«ቶርችላይት» ሁለተኛ ክፍል ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ድርሻ ይወድቅለታል፤ የጓደኛውን ድርሻ አያይም፥ ሊነጥቅም አይችልም። ጭራቆቹም የተጫዋቹ ቁጥር ሲበዛ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ደካማው ጓደኛ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ሁሉም የሚፈልገው ሰው ይሆናል። ይህን ሥርዐት ያሰበው ሰው፥ ወንድሞች በአንድ ሳሕን ሲበሉ አይቶ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ጉድለት የለበትም አልልም። ችሎታ ሲመረጥ ስሕተት ቢደረግ፥ በገንዘብ ማስመለስ የሚቻለው የመጨረሻዎቹን 3 ነጥቦች ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሳሳተ አዲስ ጀግና መጀመር አለበት። አልኬሚስቱን ማሳደድም ጥሩ አጀማመር ቢኖረውም መኻል ላይ ይላላል። ከዚህም ሌላ ጨዋታው ረዥም ነው፤ ደረጃው እስከ 100 ይሄዳል፥ ካለቀም በኋላ በከበደ መልክ እንደገና ይጀመራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ፥ አንድ ጉድጓድ ወርዶ የሚጨርሰው የመጀመሪያው ክፍል ሳይሻለው አይቀርም። በዚህ ላይ ወላጆች ቢቈጡ እውነት አላቸው።

ሩኒክ ጌምስ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። ሆኖም ለብቻ ወይም በገመድ ለሚጫወት ሰው የድርጅቱ ኮምፒውተር መኖር አለመኖር ስለማያገባው፥ ጨዋታው አሁንም ይሠራል። አዲስና ውድ ኮምፒውተርም አይፈልግም። ሁለት ያረጁ ላፕቶፖች፥ አንድ የኔትወርክ ገመድ ወይም ኢንተርኔት የሌለው ራውተር፥ በሁለቱም ላይ የተጫነ አንድ ዓይነት የጨዋታው እትም፥ መብራትም ከጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ያለው ሰዓት ይበቃል።