ጭቃ ቤትና ኮምፒውተር

በዚህ እትም ስለ ግንባታ እናወጋለን። ጽሑፉ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ ገጠር ያለው ቤተሰቡ ቤት ሊሠራ ያሰበ፣ ወይም ጀመዓው ለመስጂድ መዋጮ የሚሰበስብ ሁሉ ይመለከተዋል። መዋጮው እስኪሞላ ሲሚንቶና ብረት ቀድመው ዋጋ ይጨምራሉ፤ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሚጠብቅ መስጂድ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ በአፈር ለምን አይሠራም? ጥያቄው ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ጭቃ የድህነት ምልክት ሆኗልና። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ በመዲና ሲሠራ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ እንደነበር እናውቃለን። ስለዚህ «ለመስጂድ አይመጥንም» የሚለው ብዙ አያስኬድም። ሊመረመር የሚገባው «አይበረክትም» የሚለው ነው።

የአርሲ ባህላዊ ቤት ክብ ነው። እንጨት ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ከገለባ ጋር በእግር ተረግጦ የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፣ ሣር ይከደናል። ልብ በሉ፦ ጭነቱን የሚሸከመው እንጨቱ እንጂ ጭቃው አይደለም። ድሮ እንጨቱ ምስጥ የማይደፍረው ጽድ ነበር። ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ሲበላ ቤቱ ይዘማል። የግጦሽ መሬቱ ለስንዴ ሲታረስ ሣሩም አነሰ፣ ቆርቆሮ ተተካ፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት የደጋውን ብርድ ያስገባል። እንግዲህ ስሙ የጠፋው ጭቃው ነው እንጂ ቤቱን የጣለው እንጨቱ ነው።

እንጨቱን አስወግዶ አፈሩን ራሱን ማሸከም ይቻላል። በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር «ሱዱ» የተባለ ባለ ፎቅ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ግራና ቀኝ በተገጠመ ጣውላ መካከል ንጣፍ በንጣፍ የተደቀደቀ እርጥብ አፈር ነው። ከላይ ያለውን ፎቅ የተሸከመው ደግሞ የብረት ኮንክሪት ሳይሆን ከስስ የአፈር ጡቦች የተሠራ ቅስት ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? አፈር ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲጎትቱት ደካማ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ብረት የምንከተውም መጎተቱን እንዲችልልን ነው። የቅስቱ ቅርጽ በትክክል ከተገኘ ግን ጭነቱ ሁሉ በመጫን ብቻ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ ብረቱ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጹን ያሰላል፣ እጅ ይገነባል። የዙሪኩ የምርምር ቡድን ለዚህ ስሌት ያዘጋጀውን «ራይኖቮልት» በ2012 በነፃ ለቀቀ፤ (የሚጫንበት «ራይኖ» ግን በክፍያ ነው፣ ይህ ለተማሪ ኪስ ትንሽ ነገር አይደለም።) ኋላ የመጣው «ኮምፓስ» ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ ፓይተን የጀመረ ተማሪ ሊሞክረው ይችላል።

በ2011 ለንደን የተጀመረው «ዊኪሃውስ» ደግሞ የቤት ንድፍ ፋይሎችን ማንም አውርዶ እንዲያሻሽልና መልሶ እንዲያካፍል በነፃ ያስቀምጣል። ቤቶቹ በማሽን ከሚቆረጥ ኮምፖርሳቶ ስለሚገጣጠሙ በእኔ ግምት ለአርሲ አይሆኑም። መንገዱ ግን ይሆናል፦ አንድ ቀበሌ የሠራውን የመድረሳ ንድፍ ሌላው ወስዶ እንደ አፈሩና እንደ ጀመዓው ብዛት ቢያስተካክለው ለንድፍ ሁለት ጊዜ አይከፈልም።

ማስጠንቀቂያም አለ። ግብጻዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ «አዲስ ጉርና» የተባለ የጭቃ ጡብ መንደር፣ መስጂዱን ጨምሮ፣ ሠራ። ቅስቶቹን ያለ እንጨት ድጋፍ የሚያቆሙ የኑብያ ግንበኞችን አስመጣ። ውጤቱ ዓለም ያደነቀው ሆነ፤ የጉርና ሰዎች ግን ከነባር መንደራቸው መነሳት አልፈለጉም፣ ሥራውም ሳያልቅ ቆመ። እኛም ፋይል ከማውረዳችን በፊት ጭቃ ማቡካትና መመረግ የሚያውቁትን አባቶችና እናቶች ብንጠይቅ ይሻላል።

ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ አፈሩን ራሳችሁ ልትፈትኑ ትችላላችሁ። ጥቁሩ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀዩን ሞክሩ። ሥር ያለበትን የላይኛውን አፈር ገፍታችሁ ከታች ውሰዱ። በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶ ያህል ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉ፣ ቁንጥር ጨው አድርጉ፣ በደንብ በጥብጡና አንድ ቀን አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፣ ደለሉ ይከተላል፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። ሸክላው ከጠቅላላው ሩብ ያህል ወይም ያነሰ፣ አሸዋውም የበዛ ከሆነ ለመደቅደቅ ጥሩ ነው። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመርበታል። የክረምቱ ዝናብ እንዳያጥበው ደግሞ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ያለ ድንጋይ፣ የጣሪያው ክፈፍም ረዘም ያለ ይሁን። የጠርሙሱን ፎቶ አፈሩ ከተቆፈረበት ቀበሌ ስም ጋር አስቀምጡ፤ ንድፍ የሚያስተካክለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።