ጎመኑ ተርፎ ቲማቲሙ ለምን ሞተ?

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት የትምህርት ቤታችንን ጓሮ ስናይ ቲማቲሙ የተቀቀለ መስሎ ጠቁሯል። ሸጠን ደብተር ልንገዛበት ነበር ያሰብነው። አጠገቡ ያለው ጎመን ግን ምንም አልሆነም። ተማሪዎች «ለምን?» ብለው ጠየቁን።

ካምፓችን ደጋ ላይ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ አለ። (ቆላ ያላችሁ እንኳን ከዚህ ተገላገላችሁ፣ የእናንተ ጣጣ ሙቀቱ ነው።) ደመናና ንፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። ቅጠል ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ሕዋሳቱን ያበላሻል። ሙቀት የሚወዱት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና ቦሎቄ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ያልቅላቸዋል። ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ግን ብርዱ ቀስ እያለ ከመጣ በሕዋሳቸው ውስጥ ስኳር ያጠራቅማሉ፤ ስኳር ያለበት ውሃ ደግሞ ቶሎ በረዶ አይሠራም። ብርድ ያገኘው ጎመን የሚጣፍጠውም ለዚሁ ነው። ድንችስ? ቅጠሉ ይቃጠላል፣ አፈር ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ አፈር ደህና አድርጋችሁ አልብሱት።

ቲማቲም የግድ ካላችሁ ረፋዱ ላይ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ሸፍኑት፣ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ አድርጉት። ጠዋት መግለጥ እንዳትረሱ። እኛ ጆንያ ስላልበቃን ዘንድሮ ቲማቲሙን ቀንሰን ጎመን አበዛን።