ሳይሰፈር የገባው፦ ስለ አንድ የጎደለ ፍተሻና ስላስከተለው አደጋ

በካፒቶል ሂልና በአውሮራ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ጋር ስንወያይ፣ «የተላከልንን ጽሑፍ ከፍቶ ማየት ብቻ እንዴት ኮምፒዩተራችንን ለባዕድ እጅ አሳልፎ ይሰጣል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ የስለላ ፕሮግራም በሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ተሞከረ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2014 እንደገለጸው፣ ፕሮግራሙ ፋይልና የይለፍ ቃል የሚሰርቅ፣ የስካይፕ ንግግርም የሚጠልፍ ነበር። ከሙከራዎቹ አንዱ የተፈጸመው፣ የዊንዶውስን አንድ የታወቀ ጉድለት በሚጠቀም የዎርድ ሰነድ ነው።

ጉድለቱ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ሰነድ ሲያነብ እያንዳንዱ ክፍል ርዝመቱን ራሱ ይናገራል። ይህ ቃል የላኪው ቃል ነውና ሳይመረመር ሊታመን አይገባውም። ለዚያ ክፍል የተዘጋጀው ቦታ 8 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ርዝመቱ ከ8 አለማነሱን ጠየቀ እንጂ ከ8 አለመብለጡን አልጠየቀም። ስምንት ቁና በሚይዝ ስልቻ ሃያ ቁና እንደ መገልበጥ ማለት ነው፤ ትርፉ ወደ ጎረቤት ይፈሳል። በዚያ ጉርብትና ደግሞ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ የሚያመለክት አድራሻ ተቀምጧል። አጥቂው በዚህ አድራሻ ላይ የራሱን ጽፎ መሣሪያውን ለራሱ ትእዛዝ ያስገዛል።

ስለሆነም ጠጋኙ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ከመገልበጡ በፊት ርዝመቱን ከታችም ከላይም ወሰን ጋር ማመሳከር፤ ሁለተኛ፣ ንባቡ አለመሳካቱ ሲነገረው ሰምቶ እንዳልሰማ ሳይሆን በጎደለ መረጃ ሥራውን አለመቀጠል፤ ሦስተኛ፣ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ሰነዱን በሙሉ መመለስ። ከዚህም በላይ፣ የተገኘውን ስንጥቅ ብቻ ደፍኖ መሄድ አይበቃም፤ ያው እጅ የጻፋቸውን ተመሳሳይ መስመሮች ሁሉ መፈተሽ ይገባል።

ነገር ግን ማይክሮሶፍት ይህን ጉድለት የጠገነው በአፕሪል 2012፣ ማለትም ከሙከራው ሃያ ወር አስቀድሞ ነበር። ጥገናውን ላልተቀበለ ኮምፒዩተር በሩ ዛሬም እንደ ተከፈተ ነው። በሌላ በኩል፣ በዚያው ቀን የተላከ አንድ ፕሮግራም ፒዲኤፍ መስሎ የቀረበ ነበር፤ እንዲህ ላለው ማታለያ የርዝመት ፍተሻ አይመልስም፤ ፈታሹ ተቀባዩ ራሱ ነው።

በስደት ያለ ሰው ኮምፒዩተር የእርሱ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ሆነው የሚጽፉለት ሰዎች ስም በውስጡ አለ። ጥገናውን የሚያዘገይ ሰው በራሱ ብቻ ሳይሆን በእነርሱም ደኅንነት ላይ ይወስናል።